«ጋሼ፣ ከተማችንን አሳነሷት!»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው አዘዞ ነው። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለኝ። የእንግሊዝኛ ካፒታል ሌተር የት የት እንደሚገባ ቢጠይቁት እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንብልዎታል። ደብተሩን ሲያዩት ግን ጉድ ነው። የራሱን ስም በትንሹ ይጀምራል፤ ቃል መሀል ላይ ትልቁን ይሰነቅራል። ተቆጣሁት፣ መቶ ጊዜ አስጻፍኩት፤ ወይ ፍንክች! ምን ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጣውን ተይው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ጎ» ቃል ቢጀምርም ቢጨርስም ያው «ጎ» ነው። ልጅሽ የለመደው መልክ ሲለወጥ ድምፅም ሲለወጥ ነው፤ በ፣ ቡ፣ ቢ እያለ። እንግሊዝኛ ደግሞ አንዱን ፊደል በሁለት መልክ ያመጣበታል። ሕጉን አፉ ያውቀዋል፤ እጁ ነው ገና ያልለመደው።

ቀይ እስክሪብቶ ስጪውና አስተማሪ ይሁን። ከመማሪያ መጽሐፉ አምስት መስመር ገልብጪለት፤ ካፒታሉን ሁሉ ግን በትንሹ ጻፊው። መልሱ መጽሐፉ ላይ ስላለ አንቺም አትቸገሪም። እንግሊዝኛው ከቀለለሽ ደግሞ የሚያውቀውን ጻፊለት፦ ሰኞ ከአክስቱ ጋር ፒያሳ መሄዱን፣ ጥር ላይ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ መውረዱን። ከላይ «አስር ስህተት አለ» በይው። ቁጥሩን ካልነገርሽው ሦስት አግኝቶ ጨረስኩ ይልሻል። ካፒታል መሆን ባለበት ፊደል ሥር ሦስት አጫጭር መስመር ያስምር፤ የእንግሊዝኛ አራሚዎች ምልክት ነው። ከዚያ አስተካክሎ ይገልብጠው። ማታ ማታ አስር ደቂቃ ይበቃዋል።

ሲከራከርሽ ወደ አማርኛው መልሺው። አራት ነጥብ ከሚገባበት ቀጥሎ ካፒታል ነው። የተጸውዖ ስምና የወል ስም ከተማረ ደግሞ ግማሹን ጨርሷል፦ «ፋሲል» በትልቁ፣ «ግንብ» ብቻውን በትንሹ። የሚያደናግረው ሌላ ነው። ሰኞም ጥርም አማርኛም በትልቁ ይጀምራሉ፤ ክረምትና በጋ ግን በትንሹ።

እኔ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ ሆን ብዬ እሳሳት ነበር። አንድ ቀን ጎንደርን በትንሿ «ጂ» ጀመርኳት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ ብድግ ብላ «ጋሼ፣ ከተማችንን አሳነሷት!» አለችኝ። ሳቁ ሲበርድ ጠመኔውን ሰጠኋት።

ደግሞ ሳትፈርጂበት ደብተሩን ልብ ብለሽ እዪው። ሲ፣ ኦ፣ ኤስ፣ ቪ፣ ደብልዩ፣ ኤክስና ዜድ ትልቁም ትንሹም ቅርጹ አንድ ነው፤ የሚለያየው ቁመቱ ብቻ። ሕጉን አውቆ ቁመቱን ስቶ ይሆናል። ለዚህ ባለ አራት መስመር ደብተር ግዢለት።

«እኔ» የምትለዋ «አይ» የትም ብትገባ ካፒታል ናት። «አንተ» የሚለው ግን መሀል ላይ ሲገባ በትንሹ ነው። አንድ ተማሪዬ ይህን ሰምቶ፣ «እንግሊዞች አንቱ የሚሉት ራሳቸውን ነው እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? ብቻ ከዚያ ወዲያ «አይ»ን በትንሹ ጽፎ አያውቅም።