ዓሣዎችሽን መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ልክ ያዢ

እህቴ፣ የጠየቅሽው «ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 25፣ ከፍታው 30 ሳንቲሜትር የሆነ አኳሪየም አለኝ። ሻጩ 15 ዓሣ ይችላል ስላለኝ 4 ጎልድፊሽና 11 ጉፒ በአንድ ቀን አስገባሁ። በአስር ቀን ውስጥ 6 ጉፒ ሞተብኝ። ልተካቸው ወይ?» ብለሽ ነው።

አትተኪ። እባክሽ ለጊዜው አንድም ዓሣ አትጨምሪ። እኔም እዚሁ ሀዋሳ ነኝ፤ ዓሣ ማርባት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ብዙ ዓሣ የገደለብኝ ስህተት ይኸው፣ ከልክ በላይ ማስገባት ነው።

መጀመሪያ ውሃሽን ለኪ። ሦስቱን ቁጥር አባዝተሽ ለ1,000 ስታካፍዪው 30 ሊትር ይመጣል። ግን እስከ አፉ አይሞላም፤ ጠጠሩም ቦታ ይይዛል። እኔ የመጀመሪያውን ስገዛ «50 ሊትር» ተብሎ ነበር። በጄሪካን እየቆጠርኩ ስሞላው ሁለተኛው ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሳያልቅ ሞላ። ያንቺም ቢበዛ 25 ሊትር ውሃ ነው የሚይዘው።

ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ በዓይን አይታይም። ውሃው ኩልል ብሎ እያየሽው ዓሣውን ይመርዘዋል። ይህን የሚያጠፋልሽ ውሃውን በሚያጣራው ፊልተር ስፖንጅ ላይ የሚራባ ባክቴሪያ ነው። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጠዋል። ይህ ባክቴሪያ ተራብቶ እስኪበቃ ግን ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አንቺ 15 ዓሣ ያስገባሽበት ቀን ስፖንጁ ገና ባክቴሪያ አልነበረውም። ጉፒዎችሽን የጨረሳቸው ይህ ይመስለኛል።

ስሌቱን በተመለከተ፣ የተለመደው ለአንድ ሳንቲሜትር ዓሣ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ነው። የሚለካውም ካደገ በኋላ በሚኖረው ርዝመት ነው። እኔ ግን ወደ ሁለት ሊትር አስጠጋዋለሁ። ለምን መሰለሽ?

ያ «50 ሊትር» የተባለው አኳሪየሜ ውስጥ 22 ዓሣ ነበረኝ። ቀን ቀን ደህና ነበሩ። አንድ ቀን ማታ አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳይመጣ አደረ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቼ በስልኬ አበራሁባቸው። ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው ኤር ፓምፕ ዝም ብሏል። ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከውሃው ፊት ላይ ደቅነው እየከፈቱ ይዘጋሉ። ሞሊ ከሚባሉት ዓሣዎቼ አንዷ በጎኗ ተኝታለች። በኩባያ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ ማፍሰስ ጀመርኩ፤ አየር እንዲገባለት። እስኪነጋ እንደዚያ ስል ቆየሁ። ዘጠኙ ሞቱ። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሀዋሳ ደግሞ ሙቀቷን ታውቂዋለሽ። በዚያ ላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው። ቪዲዮ ላይ «ይህን ያህል ይችላል» የሚሉት መብራት ለማይጠፋበት ቤት ነው። እኛ ጋ ዓሣ የሚቆጠረው ፓምፑ ቆሞ እስኪነጋ መትረፍ በሚችለው ልክ ነው።

ወደ ጎልድፊሾቹ ልምጣ። ሱቅ ውስጥ ጣት ያክላሉ። በደንብ ከተያዙ ግን 20 ሳንቲሜትር ያልፋሉ፤ ቆሻሻቸውም ብዙ ነው። 25 ሊትር ለአንዱ እንኳ አይበቃም። ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ስጫቸው።

የቀሩሽ 5 ጉፒዎች ልክ ናቸው፤ ወንድ ከሆኑ። ወንዱ ጅራቱ ሰፋ ያለና ባለ ቀለም ነው። ሴቷ ገርጣ ብላ ሆዷ ሞላ ይላል። ሴት ካለችበት አውጫት፤ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፣ ጫጩቶቿም በአንዴ ብዙ ናቸው። ከወንድ ብትለያትም ዘሩን ይዛ ስለምትቆይ ለወራት መውለዷን አታቆምም። አኳሪየሙ ባዶ ከመሰለሽ ተክል ጨምሪበት።

እስከዚያው ከውሃው ሩቡን በየሁለት ቀኑ ቀይሪ። የቧንቧውን ውሃ ክፍት ባልዲ ውስጥ አሳድሪው፤ ክሎሪኑ ይወጣል። ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢው፤ ባክቴሪያው ይሞትብሻል። ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ እጠቢው።

አንድ ነገር አደራ፤ ጎልድፊሾቹን የሚወስድ ሰው ባይገኝ እንኳ ሀዋሳ ሐይቅ ውስጥ እንዳትለቂያቸው። ከሱቅ የመጣ ዓሣ በሽታ ሊያስገባ ይችላል። ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄደሽ እንደሆነ፣ በሐይቁ ቆሮሶና አምባዛ ስንት ቤተሰብ እንደሚያድር አይተሻል። ግቢዬ ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለኝ። ሰው እስኪገኝላቸው እኔ ጋ ይቆዩ፤ በክዳን ባልዲ አድርገሽ ጠዋት ሳይሞቅ አምጫቸው።