«በነጻ» እና «ነጻ»

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። በኮምፒውተሮቼ ላይ ያሉት ዊንዶውስና ዎርድ ክራክ የተደረጉ ናቸው። ከፖሊ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ሲያመጡ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ አገኘዋለሁ። የእኅቴ ልጅ «ነጻ ሶፍትዌር ተጠቀሚ» ይለኛል። ላሁኑስ መች ከፈልኩ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ያልከፈሉበት ሁሉ ነጻ አይደለም። አማርኛችን እንኳ «በነጻ» ብሎ ዋጋን፣ «ነጻነት» ብሎ መብትን ይለያል። አሜሪካዊው የፕሮግራም ባለሙያ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ለመሥራት የታሰበውን የግኑ (GNU) ፕሮጀክት ሲያስታውቅ ያነሣው ጉዳይም ሁለተኛው ነበር፤ በዚህ አስተሳሰብ ነጻ የሚባለው ፕሮግራም ተጠቃሚው ለፈለገው ዓላማ ሊያሠራው፣ ውስጡን መርምሮ ሊያሻሽለው፣ ሊያባዛውና ያሻሻለውን ለሌሎች ሊያካፍል የሚችለው ሲሆን፣ ቅጂው በገንዘብ ቢሸጥ እንኳ ነጻነቱ አይነካም። የእርስዎ ዎርድ ግን ቁልፉ ተሰበረ እንጂ ባለቤቱ አልፈቀደም፤ ሰባሪው ምን እንደጨመረበትም አያውቁም።

በዎርድ ፈንታ የሚያገለግለውን ነጻ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስን ዛሬውኑ በዊንዶውሱ ላይ ጭነው ይሞክሩት፤ ከዎርድ የመጣ ሠንጠረዥ አንዳንዴ ስለሚዛባበት ከማተምዎ በፊት ገጽ በገጽ ይዩት። ግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ከመግባቱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየበ ሰነድ ግን፣ ፎንቱ ከሌለ በዎርድም በሊብሬኦፊስም ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ነጻ ሥርዓት ሊኑክስን በአንድ ማሽን ብቻ ይጀምሩ፤ ለፕሪንተርዎ ድራይቨር ላይገኝ ይችላልና። የተማሪዎቹን ፍላሽ በዚያው ማሽን ቢከፍቱ፣ ፋይሉን ደብቆ ሾርትከት የሚተካው የዊንዶውስ ቫይረስ ስለማይነሣበት የተደበቁት ፋይሎች በአብዛኛው እንዳሉ ይታያሉ።