ልጅዎ ልክ ናት፤ ግን መሬት ይስጧት

ከሰሜን ወሎ፣ ከሀብሩ አንድ አባት የላኩልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። ልጃቸው ግብርና ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። ለእረፍት መጥታ አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም የያዘውን ማሽላቸውን አየችና «አባዬ፣ ለከርሞ እዚህ ላይ ማሾ ዝራ፤ አቀንጭራውንም ሳያብብ ንቀለው» አለቻቸው። «እርፍ ጨብጣ አንድ ትልም ማውጣት የማትችል ልጅ ናት። እሷን ልስማ ወይስ የለመድኩትን ልቀጥል? ትምህርቱስ ምን ፋይዳ አለው?» ይላሉ።

እረ አብሽሩ አባቴ! አቀንጭራው ላይ ልጅዎ ልክ ናት። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ሊተኛ ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚለቀው ቅመም ሲደርሰው ነው፤ ከዚያ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠምጣል። እርስዎ ሐምራዊ አበባውን ሲያዩ እሱ ከመሬት በታች ጉዳቱን ካደረሰ ሰንብቷል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ማሽላው ውሃ የጠማው የሚመስለውም ለዚህ ነው። ማሽላ እያረረ ይስቃል ይባላል፣ በአቀንጭራ የተያዘው ግን አይስቅም።

አንድ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር ይጥላል። ፍሬ ከያዘ በኋላ ነቅሎ ድንበር ላይ መጣል፣ ይባስ ብሎ ለላም መስጠት፣ ዘሩን በእበት አድርጎ ወደ ማሳው መመለስ ነው። ሳያብብ ይነቀል፤ የዘገየው ይቃጠል።

ማሾ ጥራጥሬ ነው፣ አቀንጭራ አይጣበቅበትም። በቆሎና ጤፍ ግን አያመልጡትም፣ ስለዚህ ማሽላውን በበቆሎ መተካት መፍትሔ አይደለም። አንድ ዓመት ማሾ ማሳውን ያጸዳዋል ብላዎት ከሆነ ግን ቸኩላለች። ለዓመታት ማፈራረቅ ነው፣ ፍግም ይጨመርበት፤ አቀንጭራ የተራበ አፈር ይወዳል። አቀንጭራን የሚቋቋሙ ጎብዬና አብሽር የተባሉ የማሽላ ዝርያዎችም አሉ (አዎ፣ ስሙ አብሽር ነው)። አገዳቸው አጭር ስለሆነ ለከብትም ለማገዶም እንደ አገሬው ማሽላ እንደ ደጋለት አይሆኑም፣ ማሳውን በሙሉ እንዳይሸፍኑባቸው።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የጂማ እርሻ ትምህርት ቤትና የዓለማያ ኮሌጅ ተማሪ ነበሩ። ስለዚህ ትምህርቱ ፋይዳ የለውም አይበሉኝ። የጎደለው ተግባሩ ነው። ስልጠናው 70 በመቶ ተግባር ነው ይባላል፤ በእኔ ጊዜ ግን ለአርባ ተማሪ አንድ መደብ ነበረችን፣ መኮትኮቻ ለመያዝ ተራ ስጠብቅ ደወል ይደወል ነበር። ተመርቄ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ገጠር ጣቢያ በተመደብኩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገበሬ «እስቲ ያዝ» ብለው እርፉን ሰጡኝ። በሬዎቹ ይዘውኝ ሄዱ፣ ትልሜ እንደ እባብ ተጠማዘዘ፣ እረኛው ሳይቀር ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ስለ መስመር መዝራት ሳወራ ማን ይስማኝ?

አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሩፉስ ስቲምሰን የተባለ መምህር በ1908 እ.ኤ.አ. ለዚህ አንድ ዘዴ አመጣ። ተማሪው ክፍል የተማረውን ወስዶ ቤተሰቡ ማሳ ላይ ይሠራዋል፣ ሒሳቡን ይይዛል፣ መምህሩም እየሄደ ያየዋል። በ1917 የወጣው የአገሪቱ ሕግ የግብርና ተማሪ በዓመት ቢያንስ ስድስት ወር በክትትል እርሻ ላይ እንዲሠራ እስከማዘዝ ደረሰ።

እርስዎ ሕግ መጠበቅ የለብዎትም። አቀንጭራ ካለበት ማሳ ግማሽ ጥማድ ይስጧትና እኩል ለሁለት ትክፈለው። በመጪው ክረምት አንዱ ላይ ማሽላ፣ ሌላው ላይ ማሾ ይዘራ። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱም ላይ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ማሽላ። ከዚያ በየሳምንቱ እየዞረች የበቀለውን አቀንጭራ ትቁጠር፣ ደብተር ላይ ትጻፍ፣ ምርቱም ለየብቻው ይመዘን። ኮሌጅ ስትሆን እርስዎ ይቁጠሩላትና በስልክ ይንገሯት። ልዩነት ከሌለ እርስዎ ረቱ፤ ካለም ያዩት በዓይንዎ ነው፣ ከእሷ አፍ አይደለም። ማረሱን ግን ራሷ ትረስ፣ እርፉን እርስዎ ያስይዟት።

ደግሞ ከጥግ ያለውን ጭንጫ መሬት እንዳይሰጧት!