120 ካሴት በአንድ ፍላሽ ይገባል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ደሴ ውስጥ የቆዩ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር የምገለብጥበት ትንሽ ቤት ከከፈትኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን 120 ካሴት አምጥተውልኝ ገልብጬ ጨርሻለሁ። አንድ ቅጂ ለራሳቸው፣ አንድ ደግሞ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት ልጆቻቸው በመንገደኛ ሊልኩ ነው። ሁለት ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ገዝተው ሰጥተውኛል። በኤምፒ3 ጨምቄ ላስረክባቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ካሴቶቹ ባለ 60 ደቂቃ ከሆኑ ሁሉም አንድ ላይ 7,200 ደቂቃ ናቸው። በሲዲ ጥራት ሳይጨመቅ በዌቭ ፋይል የተቀዳ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋ ያህል ስለሚይዝ 72 ጊጋ ገደማ ይመጣል። ጥራቱ ከፍ ባለው፣ በሰከንድ 320 ኪሎቢት በሚይዘው ኤምፒ3 ብታደርገው እንኳ 17 ጊጋ ያልፋል፤ 16 ጊጋው አይበቃም። ወደ 128 ብታወርደው ይገባልሃል፤ ግን የካሴቱ ሽሽሽታ ከጸናጽሉ ጋር ይደባለቅና ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ይህን አታድርግባቸው።

ለእናትየው ዌቩን በሙሉ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስጣቸው። ለልጆቹ ሁለተኛ ዲስክ ከከበደ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፦ ፍላክ የሚባለው የፋይል ዓይነት ድምፁን ሳይነካ መጠኑን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ግን ፍላሽ ማድረሻ ነው፤ ዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ የያዘው ሊጠፋ ይችላል። እንደደረሳቸው ወደ ኮምፒውተራቸው እንዲገለብጡት በወረቀት ጽፈህ አብረህ ላክ። ለመኪና ደግሞ ኤምፒ3ውን በባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ለብቻ አድርግላቸው። የመኪናውን ፍላሽ በፋት32 የፋይል ሥርዓት፣ የቀሩትን በኤክስፋት ፎርማት አድርግ፤ ኤክስፋት በዊንዶውስም በማክም ይሠራል። ብዙ የመኪና ማጫወቻ የእኛን ፊደል ሳጥን ሳጥን አድርጎ ስለሚያሳይ የዚያን ፍላሽ ስሞች በቁጥር ጀምረህ በላቲን ፊደል ጻፍ። ፍላሽ ስትገዛም ሙሉውን ሞልተህ መልሰህ አንብበው። 64 ተብሎ ተጽፎበት 8 ብቻ የሚይዝ ገጥሞኛል፤ እስኪሞላ ድረስ ምንም አይነግርህም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የገለበጥከውን ዘፈን በዘፈን ቆርጠህ ብቻ እንዳታስረክብ። ከዓመታት በፊት እኔ እንደዚያ ነበር የማደርገው፤ በዘፈኖቹ መሀል ያለውን ኳኳታና ጸጥታ አውጥቼ እጥል ነበር። አንዲት ደንበኛዬ ከሳምንት በኋላ እያለቀሰች ተመለሰች። በአንዱ ካሴት ሁለተኛ ገጽ መጨረሻ ላይ እናቷ ጅዳ ለነበረው ወንድሟ የቀዱለት ሰላምታ ነበረ፤ ከበስተጀርባ ዶሮ ይጮኻል፣ ቡና ይወቀጣል። ዘፈን አይደለም ብዬ ቆርጬዋለሁ። ሙሉው ቅጂ ኮምፒውተሬ ላይ ባይቆይ ኖሮ ምን እላት ነበር? ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ሰው ናፍቆቱን በካሴት ቀድቶ ነበር የሚልከው። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ ሳይቆረጥ እንደ አንድ ፋይል አስቀምጥ፤ የተቆራረጠው ተጨማሪ ይሁን። በየካሴቱ ሽፋን ላይ በእጅ የተጻፈውንም ፎቶ አንሳው፤ የሟቹ እጅ ጽሑፍ ነው።

ሌላ ደንበኛ ስብስቡን ሰምቶ «ለእኔም ገልብጥልኝ» ቢልህ እምቢ በል። የራስን ካሴት ለራስ ማስገልበጥና የሰውን ሥራ አባዝቶ መሸጥ አንድ አይደሉም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዘፋኙንም የአሳታሚውንም መብት ይጠብቃል፤ እኛም በእነሱ ልፋት ነው እንጀራ የምንበላው።

ካሴቶቹን በቁጥራቸው ደርድረህ መልስላቸው፤ እንዳይጥሏቸውም ለምናቸው። በምታስረክብ ዕለት እናትየውን አስቀምጠህ፣ ከኮምፒውተርህ ሳይሆን ከሚወስዱት ዲስክ ላይ፣ ራሳቸው የመረጡትን አንድ ካሴት ከመጀመሪያው አሰማቸው።