የምኒልክ ቴምብሮች፦ መጀመሪያ ማኅተሙን እዪ

እህቴ፣ ከአያትሽ አልበም የወጡት የምኒልክ ምስልና የአንበሳ ቴምብሮች አንድ ዓይነት ይሁኑ አይሁኑ ብለሽ ጠይቀሻል። መልኩ አንድ ነው፣ ዓይነቱ ግን ይለያያል።

የዚህ ዓይነት ቴምብር ባለ ሰባት የተለያየ ዋጋ ነው፤ ሰባቱም የታተሙት ፓሪስ ሲሆን፣ የወጡት በ1894 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከሩብ እስከ ሁለት ግርሽ (የድሮ ገንዘባችን) ያሉት ምኒልክን፣ አራት፣ ስምንትና አሥራ ስድስት ግርሽ ደግሞ አንበሳውን ይዘዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው በኋላ በላያቸው የተመታው ማኅተም፣ ማለትም የተጨመረው ጽሑፍ ነው እንጂ የፖስታ ቤቱ የቀን ማኅተም አይደለም። በ1901 በላቲን ፊደል «Ethiopie»፣ በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 «መልክት» የሚሉ ተመቱባቸው። ስለዚህ በማጉያ መነጽር ጽሑፉን አንብቢ። ምንም ያልተመታበትና ያላገለገለ ከሆነ የመጀመሪያው እትም ነው፤ እሱ እንደ ልብ ይገኛል።

ማኅተም ካለበት ግን ቶሎ አትደሰቺ። አስመስለው የመቱት በጣም ብዙ ነው። የፊደሉን ቅርጽና የቀለሙን አወራረድ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ ቴምብር ጋር አስተያዪ። ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት ባለሙያ ቢያየው ይሻላል።

አደራ፣ ውኃ ውስጥ እንዳትነክሪያቸው! የማኅተም ቀለም ሊለቅ ይችላል። ፖስታ ላይ የተለጠፈ ካለም አትላጪው፣ ከነፖስታው ይቀመጥ። የፖስታ ቤቱ ስምና ቀን ያለበት ፖስታ ብቻውን ካለ ቴምብር ብዙ ጊዜ በዋጋ ይበልጣል። በጣትሽ ሳይሆን በወረንጦ ያዢ። የፊትና የጀርባ ፎቶ ብትለጥፊ አብረን እናየዋለን።