አማርኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ለምታስተምሩ ወጣት መምህራን

በቅርቡ ኮምቦልቻ ለሚኖሩ ሠራተኞች አማርኛ ማስተማር የጀመረ አንድ ወጣት «ትእዛዝ አንቀጽን ተማሪው ሳይሰለች ለማስተዋወቅ የትኛው የስልክ ጨዋታ ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ደሴ ውስጥ በማታ ትምህርት አብረውኝ ያስተማሩ አንዲት አንጋፋ መምህርትን አስታውሶኝ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

እኚህ መምህርት ከሰኞ ገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ክፍል ይገቡ ነበር። ሎሚ፣ ገመድና ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ ይደረድሩና ሰሌዳውን ሳይነኩ ለአንዱ «ሎሚውን አንሳ»፣ ለአንዷ «ሎሚውን አንሺ»፣ ቀጥለውም «ገመዱን ቁረጥ»፣ «ቁረጪ» ይላሉ። ተማሪው መጀመሪያ የሚጠበቅበት ሰምቶ ማድረግ ብቻ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር ትእዛዝን ከአካል እንቅስቃሴ ጋር አያይዘው ስላስፋፉት የማስተማር ዘዴ መምህርቷ የሰሙ አይመስለኝም።

አንድ ምሽት ከከሚሴ አካባቢ የመጣች ነጋዴ የማዘዝ ተራ ደረሳት። አፍ የፈታችበት አፋን ኦሮሞ በሁለተኛ መደብ ወንድና ሴትን ስለማይለይ፣ ነጋዴዋ ከፊቷ የቆመውን ወጣት «ሎሚውን አንሺ» አለችው። መምህርቷ አላረሟትም፤ ወጣቱ ባለበት እንዲቆይ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ ከጎኑ የነበረችው ሴት ግን ተነሥታ ሎሚውን አነሳች። ነጋዴዋ ጥቂት አሰበችና ወደ ወጣቱ ዞራ «አንሳ!» አለች። ኋላም «ውሰድ» ለሴት ሲሆን ለምን «ውሰጂ» እንደሚባል የጠየቀችው እሷው ነበረች። መምህርቷ ጠመኔ ያነሡት ያኔ ነው፤ ደ ወደ ጀ፣ ጠ ወደ ጨ፣ ነ ወደ ኘ፣ ለ ወደ የ እንደሚለወጥ ተማሪዎቹ «ክፈል»ን «ክፈይ»፣ «ለምን»ን «ለምኚ» እያሉ ራሳቸው ሰሌዳውን ሞሉት። በዚያው ምሽት አንድ ጎረምሳ ሽማግሌውን ተማሪ «ውሰድ» ሲላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ በወሎ ታላቅ ሰው እንዲህ አይታዘዝምና «ይውሰዱ» ሳይታቀድ የዕለቱ ትምህርት ሆነ።

የሚቆጨኝ ይህ ሁሉ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ትምህርቱን ሊገመግሙ የመጡ አንድ ኃላፊ ሰሌዳው ባዶ ነው ብለው ዝቅተኛ ነጥብ ሰጧቸው፤ ጡረታ ሲወጡም ዘዴያቸውን የተረከበ መምህር አልነበረም።

ስለ ዝግጅትና ሰዓት ስለማክበር አልጽፍላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ትውልድ ይልቅ አዲስ ነገር ለመሞከር ትደፍራላችሁ፤ ይህን እወድላችኋለሁ። ነገር ግን ሰዋስዋዊው ቅርጽ በተማሪው ሕይወት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሳትጠይቁ ጨዋታውን አስቀድማችሁ ትመርጣላችሁ። «አንሳ» እና «አንሺ» ዕቃውን የሚያነሣውን ሰው ይለያሉ፤ ተማሪውን የሚያነቃው ይህ ልዩነት በዓይኑ ፊት ሲፈጸም ማየቱ ነው።

የሰዋስው ሕጉ ከልምምዱ በኋላ ይምጣ ማለቴ ለሁሉም እንደማይሆን ግን አውቃለሁ። ሌሎች ቋንቋዎችን በመጽሐፍ የተማሩ ጎልማሶች፣ ለምሳሌ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ የገጠሙኝ መሐንዲሶች፣ የግሡን ቅርጾች የያዘ ሰንጠረዥ አስቀድመው ካላዩ አፋቸውን አይከፍቱም፤ ለእነሱ አልከለከልሁም፣ እናንተም አትከልክሉ።

ለጠያቂዬ ደግሞ፦ ቀጥሎ «ስጠው»ን እና «ስጣት»ን ስታስተምር አንድ ሎሚ ይበቃሃል። ወንድም ሴትም ተማሪዎች በክብ ይቁሙ፤ ሴቲቱም ስትታዘዝ «ስጪው»፣ «ስጪያት» ይምጣ፤ ሎሚው የተሳሳተ እጅ ሲገባ አትቸኩል፣ እነሱ ይመልሱት። ሰንጠረዡን የምትሥለው ከዚያ በኋላ፣ እነሱ እየነገሩህ ነው።