ልጃገረዶችና ላሞች በአየርላንድ ተራሮች

ጥያቄ፦ የምኖረው አየርላንድ ነው። በምዕራብ ጠረፍ በምትገኘው በአኪል ደሴት፣ በስሊቭሞር ተራራ ሥር፣ ጣሪያቸው የወደቀ በርካታ የድንጋይ ቤቶች ተመልክቼ ነበር። ልጃገረዶች የበጋውን ወራት ከላሞች ጋር ያሳልፉባቸው እንደነበር ሰማሁ። ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ከቤት አርቀው የሚልኩት ለምን ነበር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሰሙት እውነት ነው። የስሊቭሞር መንደር ቀድሞ ዓመቱን ሙሉ ሰው ይኖርበት የነበረ ሲሆን፣ የከብት ጠባቂዎች ማረፊያ የሆነው ነዋሪዎቹ ከለቀቁት በኋላ ነው፤ ልማዱ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ገበሬዎቹ ሜይ 1 ቀን በሚውለው የቤልቴን በዓል አካባቢ ላሞቻቸውን ወደ ተራራ አውጥተው፣ በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ሳዊን በተባለው በዓል፣ ይመልሷቸው ነበር። አጃና ድንች የሚበቅልበት የመንደሩ ማሳ ለየቤተሰቡ በጠባብ በጠባቡ የተከፋፈለና አጥር አልባ በመሆኑ፣ ከብቱ ካልራቀ ሰብሉ አይተርፍም፤ ቤት አካባቢ ያለው ሣርም ለብርዱ ወራት መቆየት ነበረበት።

ላም ተራራ ላይ ከዋለች እዚያው መታለብ፣ ወተቷም እዚያው መናጥ አለበት። ማለብና መናጥ ደግሞ የሴቶች ሥራ ነበር። ስለዚህ የየቤተሰቡ ልጃገረዶች ተሰባስበው ከድንጋይና ከነሣሩ ከተቆረጠ አፈር በተሠሩ ጎጆዎች ውስጥ ቄጠማ ጎዝጉዘው ያድሩ ነበር። ይህን የልጅነት ሽርሽር አድርገው የሚተርኩ ሰዎች፣ በእኔ አመለካከት፣ የልጆቹን ድካም ያሳንሱታል፤ በብዙ ቤት የመሬቱ ኪራይ የሚከፈለው እነርሱ ካወጡት ቅቤ ሽያጭ ነበርና።

በቤልቴን ዕለት ከቤት ወተትም ሆነ እሳት ለጎረቤት የማይሰጠው፣ የዓመቱ የቅቤ በረከት አብሮ እንዳይወጣ ስለሚፈራ ነበር። ከብቶችን ከበሽታ ለመጠበቅ በሁለት እሳቶች መካከል የመንዳት ሥርዓትም፣ በ900 ዓመተ ምሕረት ገደማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በተጻፈ የአይሪሽ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሰፍሯል።

ልማዱን ያከሰሙት በአብዛኛው የመሬት ጌቶች ናቸው፤ ተራራውን ለበግ እርባታ ሲያውሉት፣ የጋራ ማሳውንም በአጥር ሲከፋፍሉት፣ ላሞቹን ማራቅ አላስፈለገም፣ የሚሄዱበትም ጠፋ። በአኪል ግን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ዘልቋል። በክሌር አውራጃ፣ በረን በተባለው የኖራ ድንጋይ ምድር፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ድንጋዩ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይና መሬቱ ውኃ ስለማያቁር፣ ገበሬዎቹ እስከ ዛሬ ከብቶቻቸውን ወደ ኮረብታው የሚያወጡት ብርዱ ሲገባ ነው።